ያልመረጥነው ምርጫ፦ የዝርዝር ሳጥኖችን ነባሪ ምርጫ ስለ መቆጣጠር

አንድ የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ተከፍቷል እንበል። መዝጋቢው የተማሪውን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ከጻፈ በኋላ «የትውልድ ክልል» ከሚለው ሳጥን ላይ ይደርሳል። በሳጥኑ ውስጥ «ሐረሪ» የሚል ቃል ቀድሞ ተጽፎ ይታያል። መዝጋቢው ይህን ቃል አልጻፈውም፤ ተማሪውም አልተናገረውም። ይሁን እንጂ በደጅ የተሰለፉት ተማሪዎች ብዙ ስለሆኑ መዝጋቢው ሳጥኑን ሳያስተውል ያልፈውና «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ፕሮግራሙም ምንም ጉድለት አላገኘምና መረጃውን ተቀብሎ ያስቀምጣል። ጎንደር የተወለደው ተማሪ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በመዝገቡ ላይ የሐረሪ ተወላጅ ይሆናል።

ይህ ምርጫ የማን ነው? የመዝጋቢው አይደለም፤ የተማሪውም አይደለም። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ እንኳ ሐረሪን አስቦበት አልመረጠም። ስሙ የመጣው የክልሎችና የከተማ መስተዳድሮች ስም በፊደል ተራ ሲደረደር «ሐ» ከሌሎቹ መነሻ ፊደላት ስለሚቀድም ብቻ ነው። ያው ዝርዝር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ቢደረደር ኖሮ በመጀመሪያው ቦታ የምትገኘው አዲስ አበባ በሆነች ነበር። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም በአማርኛ ሲሠራ አንድ ዓይነት ሐሰት፣ በእንግሊዝኛ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሐሰት ይመዘግባል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ነባሪ ምርጫ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና በምን መንገድ እንደምንቆጣጠረው በየተራ እንመለከታለን። ትምህርቱ በተለይ ፕሮግራም መጻፍ ለጀመሩ ተማሪዎች የታሰበ ቢሆንም መረጃ ሰብስበው ለሚተነትኑ ሁሉ እንደሚጠቅም እናምናለን።

ነባሪ ምርጫ ምንድን ነው?

ተጠቃሚው ምንም ሳያደርግ ፕሮግራሙ እንደ ተመረጠ ቆጥሮ የሚይዘው ነገር ነባሪ ምርጫ ይባላል። በባለሙያዎች ዘንድ በተለምዶ ዲፎልት የሚባለው ይኸው ነው። በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ውስጥ ከዝርዝር ለመምረጥ የሚያገለግሉ ሁለት የታወቁ ሳጥኖች አሉ። አንደኛው ሊስት ቦክስ ሲሆን ብዙ አማራጮችን በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ያሳያል። ሁለተኛው ኮምቦ ቦክስ ሲሆን አንዱን አማራጭ ብቻ አሳይቶ ሌሎቹን ቀስቱ ሲጫን ወደ ታች ይዘረጋቸዋል።

በሁለቱም ሳጥኖች እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ተራ ቁጥር ወይም ኢንዴክስ አለው። በአብዛኞቹ የፕሮግራም መሥሪያዎች ቁጥሩ የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ነው። ስለዚህ 5 አማራጮች ያሉት ዝርዝር ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል። ታዲያ ምንም ነገር ያልተመረጠ እንደሆነ ሳጥኑ ምን ቁጥር ይይዛል? 0 ለመጀመሪያው አማራጭ ስለተሰጠ «ምንም» ለሚለው ሌላ ምልክት ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ መሥሪያዎች ለዚህ የመረጡት ምልክት -1 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር እናገኛለን። በዊንዶውስ መሠረታዊ የፕሮግራም መሥሪያ ውስጥ አንድ አማራጭ ብቻ የሚያስመርጠው ሊስት ቦክስ የተመረጠው ስንተኛው እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ምንም ካልተመረጠ -1 ብሎ ይመልሳል። ይኸው -1 በዚያው ሥርዓት የስሕተት ምልክትም ነው። እንዲያውም ምርጫውን እንዲያጠፋ -1 ስንልክለት ሥራውን በትክክል ፈጽሞ እያለ የሚመልስልን ያንኑ የስሕተት ምልክት ነው። «አልተመረጠም» እና «ስሕተት» በአንድ ቁጥር ስለሚጠሩ ጀማሪ ፕሮግራመሮች የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ቆጥረው ሲሸሹት ይታያል። «አልተመረጠም» ማለት ግን ስሕተት ሳይሆን ራሱን የቻለ መረጃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

መሥሪያዎቹ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም

ነባሪ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፕሮግራመሩ ስላዘዘው ሳይሆን የተጠቀመበት መሥሪያ ስላመጣው ነው። መሥሪያዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ጥቂቶቹን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከመጀመሪያው የዶት ኔት ሥርዓት ጋር የወጣው ዊንዶውስ ፎርምስ ሁለት ጠባይ አለው። አማራጮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ብንጨምራቸው ሳጥኑ -1 እንደያዘ ይቆያል። ሳጥኑን ከዳታቤዝ ከመጣ ሰንጠረዥ ጋር ብናገናኘው ግን የመጀመሪያውን አማራጭ ወዲያውኑ ይመርጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰንጠረዡና በሳጥኑ መካከል «አሁን ያለነው ስንተኛው ረድፍ ላይ ነው» የሚለውን የሚከታተል አንድ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ሥራውን የሚጀምረው ከ0ኛው ረድፍ ነው። ሳጥኑም ይህንን ተከትሎ 0ን የተመረጠ ያደርገዋል። ስለዚህ የ«ረድፍ ላይ መገኘት» ሐሳብ ሳይታወቅ ወደ «ምርጫ» ተለወጠ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከጃቫ ጋር የቀረበው ስዊንግ ደግሞ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ልዩነት ያደርጋል። ኮምቦ ቦክሱ የአማራጮች ዝርዝር ሲሰጠው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ሊስት ቦክሱ ግን ምንም ሳይመርጥ ይጠብቃል። አንድ ፕሮግራመር የቦታ ጥበት አጋጥሞት ሊስት ቦክሱን በኮምቦ ቦክስ ቢተካ የመልክ ለውጥ ያደረገ ይመስለዋል፤ የመረጃውን ትርጉም እንደለወጠ አያስተውልም።

ኪውት በሚባለው መሥሪያም ባዶ ኮምቦ ቦክስ የመጀመሪያው አማራጭ ሲጨመርለት ያንኑ ይይዛል። በሊስት ቦክሱ ዘንድ ግን «የአሁኑ» እና «የተመረጠው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሁኑ የኪቦርዱ ትኩረት ያረፈበት አማራጭ ሲሆን የተመረጠው ተጠቃሚው የወሰነበት ነው። ተጠቃሚው በታብ ቁልፍ ወደ ሳጥኑ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው አማራጭ «የአሁኑ» ይሆናል፤ የተመረጠ ግን አይሆንም። ፕሮግራመሩ ሁለቱን ሳይለይ የአሁኑን ጠይቆ እንደ ምርጫ ከመዘገበ ትኩረትን ከፈቃድ ጋር አምታታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂቲኬ 4 ደግሞ ለነጠላ ምርጫ ባዘጋጀው ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ራሱ የመምረጥ ባሕርይ አስቀምጧል። ካላጠፋነው ይህ ባሕርይ ሁልጊዜ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ነባሪ ምርጫን ዝም ብሎ መተው ገለልተኛ መሆን አይደለም፤ ውሳኔውን መሥሪያውን ለሠሩት ሰዎች አሳልፎ መስጠት ነው። እነርሱ ደግሞ ሳጥኑ ስለ ክልል ይሁን ስለ ፊደል ቅርጽ የሚያውቁት ነገር የለም።

ባዶ ቦታና የሐሰት መልስ

«ተሳስቶ የሚያልፈው ሰው ጥቂት ነው፤ ጉዳቱም ጥቂት ነው» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ክርክሩን በቀላል ስሌት እንመርምረው። 1000 ተማሪዎች ተመዘገቡ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ሐረሪ የተወለዱት 10 ናቸው። መዝጋቢው ከ100 ተማሪዎች የ3ቱን ሳጥን ሳያስተውል ያልፋል እንበል። ያለፋቸው ሁሉ የሌላ ቦታ ተወላጆች ቢሆኑ የሐሰት መልሶቹ 30 ይሆናሉ።

ከጠቅላላው አንጻር 30 ከ1000 ማለት 3 በመቶ ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ 30 ስሕተቶች በሁሉም ክልሎች ላይ አልተበተኑም፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ተከማችተዋል። በመዝገቡ ላይ የሐረሪ ተወላጆች ቁጥር 40 ይሆናል። ይህም ከእውነተኛው ቁጥር 4 እጥፍ ነው። በዚያ ረድፍ ውስጥ ከሚገኙት 4 ስሞች 3ቱ ሐሰት ናቸው። በዚህ መዝገብ ተመሥርቶ በጀት ወይም የመኝታ ቦታ የሚደለድል ሰው የሚወስነው በሐሰት ላይ ነው።

ከብዛቱ ይልቅ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ባዶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ በመዝገቡ ላይ 30 ባዶ ቦታዎች ይገኙ ነበር። ባዶ ቦታ ይታያል፤ ይቆጠራል፤ ተማሪው ተጠርቶ ሊጠየቅ ይችላል። የሐሰቱ መልስ ግን ከእውነተኛው መልስ በምንም አይለይም። ከዓመት በኋላ ማንም ሰው ያንን መዝገብ ከፍቶ «ሐረሪ» ከሚሉት 40 ስሞች መካከል የተጠየቁት 10 የትኞቹ፣ ያልተጠየቁት 30 የትኞቹ እንደሆኑ ሊለይ አይችልም። ባዶው ቦታ ሊታረም የሚችል ጉድለት ሲሆን ነባሪው መልስ ግን የጉድለቱን ዱካ ያጠፋል።

የነባሪ ምርጫ ጉልበት

ሰዎች ቀድሞ የተቀመጠላቸውን ነገር የመተው ዝንባሌ እንዳላቸው በጥናት ተረጋግጧል። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የአውሮፓ አገሮችን የአካል ልገሳ ፈቃድ አነጻጽረው ነበር። ለጋሽ ለመሆን በግልጽ መመዝገብ በሚያስፈልግባት በጀርመን ፈቃደኞቹ 12 በመቶ ነበሩ። አልፈልግም ያላለ ሁሉ እንደ ፈቃደኛ በሚቆጠርባት በኦስትሪያ ግን 99.98 በመቶ ነበሩ። ሁለቱ ሕዝቦች ተጎራባቾች ናቸው፤ በአብዛኛው የሚናገሩትም አንድ ቋንቋ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በሰዎቹ የደግነት መጠን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ዝም ያለ ሰው እንዴት ይቆጠር የሚለው ደንብ ነው። እርግጥ ነው፣ በመዝገብ ላይ ፈቃደኛ መሆን በተግባር ከሚፈጸመው ልገሳ ጋር አንድ አይደለም። ይሁን እንጂ ዝምታ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ነባሪ እሴት ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በአፍጋኒስታን በአንድ የቦታ ጠቋሚ መሣሪያ የዒላማን አድራሻ ይለካ የነበረ የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ የመሣሪያውን ባትሪ እንደለወጠ በጊዜው ተዘግቧል። መሣሪያው ዳግመኛ ሲነሳ ያሳየው የዒላማውን ሳይሆን እርሱ ራሱ የቆመበትን ቦታ ነበር። ያ አድራሻ ለአውሮፕላኑ ተላለፈ፤ ቦምቡም በገዛ ወገኖቹ ላይ ወደቀ። 3 የአሜሪካ ወታደሮችና አብረዋቸው የነበሩ አፍጋናውያን ሞቱ። መሣሪያው በዚያች ሰዓት ባዶ ቦታ ቢያሳይ ኖሮ ሰውየው የሚልከው አድራሻ አይኖረውም ነበር። የቦታ ጠቋሚ መሣሪያና የዝርዝር ሳጥን የተለያዩ ናቸው፤ የተሳሳቱበት ሐሳብ ግን አንድ ነው።

እንዴት እንቆጣጠረው?

ከዚህ በታች የምናቀርባቸው እርምጃዎች በየትኛውም መሥሪያ ያገለግላሉ። ለምሳሌ ያህል ግን ዊንዶውስ ፎርምስን እንይዛለን።

አንደኛ፣ ሳጥኑን ከመረጃው ጋር ስናገናኝ ቅደም ተከተል እንጠብቅ። በመጀመሪያ የሚታየው ዓምድና ቁልፉ የሚገኝበት ዓምድ የትኞቹ እንደሆኑ እንንገረው፤ ከዚያ ሰንጠረዡን እንስጠው። ይህን ብንገለብጠው ሳጥኑ ቁልፉን ሳያውቅ የመጀመሪያውን ረድፍ ይመርጣል፤ የተመረጠውን ቁልፍ ስንጠይቀውም ቁጥር ሳይሆን መላውን ረድፍ ይሰጠናል።

ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ ከተሰጠ በኋላ ተራ ቁጥሩን -1 እናድርገው። ይህም መስኮቱ ሲከፈት በሚነሳው የሎድ ክስተት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። መስኮቱ ገና በመሠራት ላይ እያለ ያደረግነው -1 ግንኙነቱ ሲጸና ተመልሶ 0 ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የተጠቃሚውን ምርጫ ከፕሮግራሙ ምርጫ እንለይ። ተራ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር የሚነሳው ክስተት ዝርዝሩ በሚሞላበት ጊዜም ይነሳል። ተጠቃሚው ገና መስኮቱን ሳያይ «መርጧል» ተብሎ ሌላ ሥራ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ እስኪሞላ ድረስ የክስተቱን አድማጭ እናላቅቀው፤ ወይም በተጠቃሚው እጅ ሲለወጥ ብቻ የሚነሳውን ክስተት እንጠቀም። የዊንዶውስ ፎርምስ ኮምቦ ቦክስም የኪውት ኮምቦ ቦክስም ለዚህ የተለየ ክስተት አላቸው።

አራተኛ፣ ሁለት ሳጥኖችን ከአንድ ሰንጠረዥ ጋር በቀጥታ አናገናኝ። «የትውልድ ክልል» እና «የመኖሪያ ክልል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አንድ ሰንጠረዥ ቢጋሩ የረድፍ ተከታታዩም አንድ ይሆናል። አንዱን ስንመርጥ ሌላው ሳንነካው አብሮ ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ማገናኛ ወይም የዝርዝሩን ቅጂ መስጠት ይገባል።

አምስተኛ፣ ቀድሞ የተመዘገበን ሰው ስንከፍት በተራ ቁጥር ሳይሆን በቁልፍ እንምረጥ። ዛሬ 3ኛ የሆነው አማራጭ ነገ አዲስ ስም ሲጨመር 4ኛ ሊሆን ይችላልና። ቁልፉ በዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘም መልሱ -1 እንጂ 0 መሆን የለበትም።

ስድስተኛ፣ ከመመዝገብ በፊት እንፈትሽ። ሳጥኑ -1 ከያዘ ፕሮግራሙ መዝገቡን አይቀበል፤ የትኛው ሳጥን እንደቀረ በስም ይንገር፤ ትኩረቱንም ወደዚያው ይውሰድ። ይህ ፍተሻ ከተዘነጋ -1 ራሱ ችግር ያመጣል። በጃቫ -1ን እንደ ተራ ቁጥር ተጠቅመን ከድርድር ውስጥ ብንጠይቅ ፕሮግራሙ ስሕተት አስታውቆ ይቆማል። በፓይተን ግን -1 ማለት የመጨረሻው አባል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳይቆም «ምንም» የነበረውን የዝርዝሩ መጨረሻ ያደርገዋል። ከመጀመሪያው ሸሽተን በመጨረሻው ላይ ወደቅን ማለት ነው።

ሰባተኛ፣ አንድ ሰው ተመዝግቦ ሲያበቃ ሳጥኖቹን ሁሉ ወደ -1 እንመልስ። ካልመለስናቸው የቀደመው ተማሪ መልስ ለሚቀጥለው ተማሪ ነባሪ ምርጫ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ብዙ ፕሮግራመሮች በዝርዝሩ አናት ላይ «ይምረጡ» የሚል ቃል በማስገባት ችግሩን ለማለፍ ይሞክራሉ። ዘዴው ከምንም ይሻላል። ሆኖም ቃሉ የዝርዝሩ አባል ስለሆነ ካልተፈተሸ እርሱም ይመዘገባል። የተሻለው ቃሉን ከዝርዝሩ ውጭ እንደ ማሳሰቢያ ማሳየት ነው። ኪውት ከ5.15ኛ እትሙ ጀምሮ ለኮምቦ ቦክስ ይህን ፈቅዷል። እንዲሁም «አልተመረጠም» ከ«አይታወቅም» ጋር አንድ እንዳልሆነ ልብ እንበል። የመጀመሪያው ገና አልተጠየቀም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ተጠይቆ የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ «አይታወቅም» በዝርዝሩ ውስጥ አንድ አማራጭ ሆኖ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ነባሪ ምርጫ መቼ ይጠቅማል?

እስካሁን ያልነው ነባሪ ምርጫ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። የፊደል ቅርጽን፣ የወረቀት መጠንን ወይም ማተሚያን በየጊዜው እንድንመርጥ የሚያስገድድ ፕሮግራም ያሰለቻል። ምርጫው በቀላሉ የሚታረም ሲሆን፣ ተጠቃሚው ውጤቱን ወዲያውኑ የሚያየው ሲሆን፣ ወይም ከጥፋት የሚጠብቅ ሲሆን ነባሪ ምርጫ ተገቢ ነው። ለምሳሌ «ፋይሉ ይጥፋ?» ብሎ ለሚጠይቅ መስኮት ነባሪው ቁልፍ «አይጥፋ» የሚለው ቢሆን መልካም ነው።

ሳጥኑ ስለ ሰው የሚናገር እውነት ሲይዝ ግን ነገሩ ይለያል። ጾታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የትዳር ሁኔታ፣ የደም ዓይነትና ፈቃድ በነባሪ ምርጫ ሊሞሉ አይገባም። ደሙ ያልተመረመረ ሕመምተኛ ዝርዝሩ በኤ ፖዘቲቭ ስለሚጀምር ብቻ በካርዱ ላይ ኤ ፖዘቲቭ ተብሎ ቢጻፍ ካርዱን የሚያነበው ሐኪም ምርመራ የተደረገ ይመስለዋል። ደም ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው የላቦራቶሪ ማመሳከሪያ ብዙ አደጋ ይከላከላል፤ ሐሰቱ ግን መጀመሪያውኑ ሊጻፍ አይገባውም ነበር። እንግዲህ ነባሪ ምርጫ ከማስቀመጣችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ተጠቃሚው ይህን ሳጥን ሳያየው ቢያልፍ የሚመዘገበው ነገር እውነት ይሆናል? መልሱ «እርግጠኛ አይደለንም» ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይሁን።

መልመጃ

1. በራሳችሁ የተጻፈ ወይም በትምህርት ቤታችሁ የሚገኝ አንድ ፕሮግራም ክፈቱ። የመዝገቡን አዲስ ቅጽ አውጥታችሁ ማውስ ሳትነኩና ምንም ሳትመርጡ በታብ ቁልፍ ብቻ ከመጀመሪያው ሳጥን እስከ መጨረሻው ተጓዙ። ፕሮግራሙ ሊመዘግብ የተዘጋጀውን እያንዳንዱን መልስ በወረቀት ላይ ጻፉ። ስንቱን እናንተ ሰጣችሁ?

2. ከላይ በሰጠነው ስሌት መዝጋቢው ሳያስተውል የሚያልፈው ከ100 ተማሪዎች የ1ዱን ብቻ ቢሆን፣ «ሐረሪ» ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ሐሰቱ ስንት በመቶ ይሆናል?

3. በአንድ መዝገብ ላይ መስከረም 1 የተወለዱ ሰዎች ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ እጅግ በዝተው ቢገኙ ምክንያቱ ነባሪ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ ሰዎች መስከረም 1 ብለው አስመዝግበውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት የሚያስችል ሳጥን እንዴት ይሠራል? ሐሳባችሁን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።